ሠላሳ ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት

የካቲት 25 በደረሰ ቁጥር ቴሌግራሜ ይጨናነቃል። ከዓድዋ በዓል ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። በፈረንጆቹ ማርች 4 ነው፤ የጠረጴዛ አርፒጂ የሚጫወት፣ ማለትም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በዳይስና በወሬ ታሪክ የሚፈጥር ሰው፣ «የጌም ማስተር ቀን» ይለዋል፤ ጌም ማስተር ማለት ታሪኩን የሚመራው አጫዋች ነው። በዚያ ሰሞን የእነዚህን ጨዋታዎች መጻሕፍት በፒዲኤፍ የሚሸጠው ድረ ገጽ፣ ድራይቭስሩአርፒጂ ላይ ትልቅ ቅናሽ አለ። ክረምቱ ሲጠና ደግሞ «ገና በጁላይ» የሚሉት ሌላ ቅናሽ ይመጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ገና ማክበር ያው የፈረንጅ ነገር ነው፤ ቅናሹ ግን የእውነት ነው።

የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ይሄ ባንድል 30 ዶላር ነው፤ ብዙ መጽሐፍ አለው። ልግዛው?» ባንድል ማለት በአንድ ዋጋ የሚሸጥ የመጻሕፍት ጥቅል ነው።

መልሴ ብዙ ጊዜ «ቆይ እስቲ» ነው። ቅናሽ ስለምጠላ አይደለም። እንዲያውም ቅናሽ አሳዳጅ ነኝ። ግን በዚህ በእኛ ጨዋታ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሰው ዋናው ዕቃ ነው ብሎ የሚገዛው ነገር፣ ማለትም የጨዋታው ሕግ፣ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይገኛል። ያውም በሕጋዊ መንገድ፣ ደራሲው ራሱ ወዶ ያስቀመጠው። ገንዘብ የሚገባው ሌላው ነው። ጀብዱው (ተዘጋጅቶ የሚመጣው የጨዋታ ታሪክ)፣ ካርታው፣ ሠንጠረዡ። ባጭሩ አጫዋቹ ዓርብ ማታ እንቅልፍ እንዲያገኝ የሚያደርገው ነገር ሁሉ።

ሒሳቡን እንሥራው። ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር የተባለው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ የ30 ዶላር ባንድል 1,700 ብር አካባቢ ይወጣዋል። ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። በ130 ብር ብናሰላው ያው ባንድል 3,900 ብር ነው። በዚህ ብር ማንም የማይከፍተውን ፎልደር መሙላት አያስኬድም። ካርዱም የራሱ ጣጣ አለው። እኔ የምገዛው አሜሪካ ባለችው እህቴ ካርድ ነው። «አሁን ይሄ የአይጥ ጨዋታ ነው?» እያለች ትከፍልልኛለች።

አዎ፣ የአይጥ ጨዋታ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ማውስሪተር ይባላል። የጻፈው አይዛክ ዊሊያምስ ነው። ፒዲኤፉን የፈለጋችሁትን ከፍላችሁ፣ ዜሮም ቢሆን፣ ታወርዱታላችሁ። ተጫዋቹ ሰይፍ የታጠቀች ትንሽ አይጥ ነው። ዓለሙ ትልቅ ነው። ድመት ማለት እንደ ንጉሥ የሚፈራ ጭራቅ ነው፤ ጉጉቱ ጠንቋይ ነው። የልብስ መርፌ መሣሪያ ነው። ይሄን ለማስረዳት ኤልፍ ምን እንደሆነ፣ ኦርክ ከየት እንደመጣ ማውራት አያስፈልግም። አይጥና ድመትን የማያውቅ ሰው የለም።

የእኛን ጠረጴዛ ልንገራችሁና ለምን እንደምወደው ይገባችኋል። ቅዳሜ ከሰዓት ጀሞ እኛ ቤት ነው የምንጫወተው። አንዱ የሒሳብ መምህር ነው። አንዷ ነርስ ናት፤ አዳር ካለባት በመሃል ትነሳለች። የአክስቴ ልጅ አለች። ሁለቱ ተማሪዎች ናቸው፤ ቡናው እስኪፈላ ስልካቸው ላይ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሕግ አንብቦ የሚመጣ አንድም የለም። ስለዚህ እኔ ጋ ፈተናው ቀላል ነው። ማንም ሳያጠና መጥቶ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ መጫወት መጀመር አለበት። ፋይሉ ስልክ ላይ ስታክ ማድረግ የለበትም። በጥቁርና ነጭ ሲታተምም መነበብ አለበት።

ማውስሪተር ሦስቱንም ያልፋል። መጽሐፉ ቀጭን ነው። አይጧን መፍጠር ራሱ ጨዋታ ነው። ዳይስ ትጥላለህ፤ ስንት ጉዳት እንደምትችልና ስንት ሳንቲም እንዳላት ይወጣል። ሁለቱ ቁጥሮች ሠንጠረዡ ላይ ሲገናኙ አይጧ ከዚህ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ይነግሩሃል። ዕጣው የከፋባት አይጥ የተሻለ ዕቃ ይዛ ትጀምራለች። የሒሳብ መምህሩ ይሄን ሲያይ «ፍትሐዊ ነው» አለ፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ የሚያመሰግን ሰው አይደለም።

ዋናው ግን ዕቃ የሚያዝበት መንገድ ነው። ዕቃው በጽሑፍ አይመዘገብም። ትንንሽ ካሬ ወረቀቶች አሉ፤ ትቆርጣቸዋለህ። አንዱ ላይ ሰይፍ፣ አንዱ ላይ ችቦ፣ አንዱ ላይ ስንቅ ተሥሏል። የአይጧ ወረቀት ላይ ለእጅ፣ ለሰውነትና ለቦርሳ የተሠሩ ባዶ ካሬዎች አሉ። ዕቃውን እዚያ ላይ ታስቀምጣለህ። ቦታ ከሞላ ሞላ ነው። ጎበዝ የሚያሰኘው ደግሞ ረሃብም፣ ፍርሃትም፣ ድካምም እንደ ዕቃ ቦታ መያዛቸው ነው። ነርሷ አይጧ ርቧት ቦርሳዋ ሞልቶ ነበር። የረሃቡን ካሬ ለማስቀመጥ አንድ ነገር መጣል ነበረባት። ገመዱን ልጣል፣ ችቦውን ልጣል ብላ ወረቀቶቹን በጣቷ ወዲያና ወዲህ እየገፋች ብዙ ቆየች። ማንም አልቸኮለባትም። በመጨረሻ ችቦውን ጣለች። ጉድጓዱ ውስጥ የሆነውን አልነግራችሁም።

አንድ ምክር። ካሬዎቹን በተራ ወረቀት አታሳትሙ፤ መስኮት ሲከፈት የጦር መሣሪያችሁ ሁሉ ሶፋ ሥር ይገባል። ፎቶ ኮፒ ቤት «ወፍራም ወረቀት» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ሰፈር ያለችው ልጅ አንዴ ገልጣ አይታ «የሕፃናት ትምህርት ነው?» ብላኛለች። ነው አልኳት።

እንግዲህ ሕጉ በነፃ ነው። ታዲያ ምኑን እንግዛ? «ዘ እስቴት» የሚባል ለዚሁ ጨዋታ የተሠራ የጀብዱ ስብስብ አለ። እሱ ላይ ገንዘብ ማውጣት አይቆጨኝም። እያንዳንዱ ቦታ አጭር ነው፤ ጠዋት አንብበህ ከሰዓት ታጫውታለህ። ቅናሽ ሲወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ብቻውን ለሚጫወተው ሰው ልምጣ። ብዙዎቻችሁ «ጓደኞቼ አይፈልጉም፣ ማን ጋር ልጫወት?» ትሉኛላችሁ። አይረንስዎርንን አውርዱ። ሾን ቶምኪን በ2018 አውጥቶታል። ዋናው መጽሐፍ በነፃ ነው፤ ማሳያ ሳይሆን ሙሉው። ብቻህን ትጫወተዋለህ፣ ያለ አጫዋች ከጓደኛ ጋር ትጫወተዋለህ፣ ከፈለግህም በአጫዋች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገጸ ባሕርይህ ብረት ይዞ ይምላል። መሐላው ጀብዱው ነው። የወንድሜን ደም እመልሳለሁ፣ መንደሬን ከወረርሽኝ አድናለሁ፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ነገር ስትሞክር አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስና ሁለት ባለ አሥር ገጽ ዳይስ ትጥላለህ። ባለ ስድስቱ ላይ ችሎታህን ትደምራለህ። ድምሩ ሁለቱንም ባለ አሥር ከበለጠ ተሳካልህ። አንዱን ብቻ ከበለጠ ተሳካልህ፣ ግን ዋጋ ትከፍላለህ። ሁለቱንም ካልበለጠ በቃ፣ መጥፎ ነገር መጣ። ሁለቱ ባለ አሥሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ካወጡ ታሪኩ ያልታሰበ አቅጣጫ ይይዛል።

አጫዋች የለም ብለናል። ታዲያ በሩ ጀርባ ምን አለ? «ኦራክል» የሚባሉ ሠንጠረዦች አሉ። በዳይስ ከ1 እስከ 100 ያለ ቁጥር ታወጣለህ፤ አንድ ድርጊትና አንድ ጭብጥ ይሰጡሃል። ለምሳሌ አንዱ «ክዳት»፣ ሌላው «ቤተሰብ» ቢሉህ የቀረው ያንተ ሥራ ነው። ሰው ራሱን እንዴት ያስደንቃል ትሉ ይሆናል። ሞክሩት። እኔ መብራት በጠፋ ማታ በሻማ ተጫውቼው የገዛ ጀግናዬን የከዳው ማን እንደሆነ ሳውቅ ድምፅ አውጥቼ «ኧረ በሕግ!» ብያለሁ።

የሚጫወቱበት አገር ብርዳም የሰሜን ምድር ነው። ግን መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ስለ ዓለሙ ምርጫ ይሰጥሃል። ሰዎቹ ለምን ከድሮ አገራቸው ተሰደዱ? አውሬው እውነት ነው ወይስ ተረት? አስማት አለ ወይስ የለም? አንተ ትመርጣለህ። ስለዚህ ጭጋጉንና ውርጩን ይዘህ ወደ ሰሜን ተራሮች ብትወስደው የሚከለክልህ የለም። እኛ አንድ ክረምት እንዲያ አደረግን። የአክስቴ ልጅ ጩቤ ይዛ መማል ሲገባት «እናቴ ትሙት!» ብላ ማለች። ሕጉ ብረት ያዝ ነው የሚለው፤ በእኛ አገር ግን ከዚህ የከበደ መሐላ የለምና ተቀበልናት።

እንከን አለው። «ሙቭ» የሚሏቸው ሕጎች ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ወረቀቱን ትገልጣለህ። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚሰለቸው ሰው ከባድ ነው። ለአምስት ሰው ደግሞ አይሆንም፤ ተራ እስኪደርስህ ቡናው ይበርዳል። ለአንድ፣ ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ሰው ነው። ከወደዳችሁት «ዴልቭ» የሚባለው ተጨማሪ መጽሐፍ በገንዘብ ነው። ዋሻና ፍርስራሽ ማሰስን ያመጣል። እሱን በቅናሽ ጠብቁ። የጠፈር መርከብ የሚወድ ሰው ደግሞ «ስታርፎርጅድ» አለለት፤ የሕጉ መሠረት ያው ነው፣ ጠፈር ላይ።

ወደ ትልልቆቹ እንሂድ። እዚህ ላይ ነው ሰው ገንዘቡን የሚበላው።

ጥቅል የሚሸጠው ሀምብል ባንድል የተባለ ድረ ገጽ ላይ በየጊዜው ፓዝፋይንደር የሚባለው ትልቅ የጀብዱ ጨዋታ ጥቅል ይወጣል። ሽፋኖቹ ያምራሉ። «ከ400 ዶላር ወደ 30» ዓይነት ነገር ታያለህ፤ ልብህ ይመታል። ግን እወቁት። የፓዝፋይንደር ሕግ ሙሉው፣ ከጭራቁ እስከ አስማቱ፣ አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በአሳታሚው ፈቃድ በነፃ ይነበባል። ያውም ከፒዲኤፉ በተሻለ ፍለጋ። ስለዚህ ጥቅሉ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የሕግ መጻሕፍት ከሆኑ እለፉት። ጀብዱ ካለበት፣ በተለይ ለጀማሪ የሚሆነው «ቢጊነር ቦክስ» ካለበት፣ ያኔ እናወራለን። የምትከፍለው ለሥዕሉ፣ ለካርታውና ለታሪኩ ነው። እነዚህ ድረ ገጹ ላይ የሉም። ሌላው ደግሞ ሀምብል ላይ ከፍለህ ፋይሉን የምትወስደው በኮድ ከአሳታሚው ድረ ገጽ ነው። እዚያም አካውንት መክፈት አለብህ። ሁለቱንም በአንድ ኢሜይል አድርጉት።

ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጥያቄ ስለሚበዛብኝ በደንብ ላስረዳ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት፣ የሁሉም አባት የሆነው ጨዋታ ነው። የአምስተኛው ዕትም የመሠረት ሕግ በጃንዋሪ 2023 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት በሚያስችለው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ወጥቷል። መሠረታዊ ሕጉንም አሳታሚው ኩባንያ ራሱ በነፃ ያስነብባል። ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። የአምስተኛው ዕትም ትልልቅ መጻሕፍት ግን በፒዲኤፍ አይሸጡም። በሕጋዊ መንገድ በዲጂታል የሚገኙት እንደ ዲኤንድዲ ቢዮንድ ባሉ ድረ ገጾች ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አካውንትህ ውስጥ ነው እንጂ እንደ ፋይል እጅህ ላይ አይደለም። ስለዚህ «የተጫዋቾች መጽሐፍ ፒዲኤፍ፣ በልዩ ቅናሽ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው የተሰረቀ ነው የሚሸጥላችሁ። የድሮዎቹ ዕትሞች ግን ድራይቭስሩአርፒጂ ላይ በሕጋዊ ፒዲኤፍ አሉ፤ ቅናሽም ይነካቸዋል። ከእነሱ ውስጥ ያሉት አሮጌ ጀብዱዎች ዛሬም ይጫወታሉ።

ከትልልቆቹ ሁሉ እኔ የማደላው ለኮል ኦፍ ክቱሉ ነው፤ መርማሪዎች ሆናችሁ የምትጫወቱት የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ ነው። ኬኦሲየም የተባለ አሳታሚ በ1981 ነው ያወጣው። ሙሉ መጽሐፉን አሁኑኑ አትግዙ። «ኩዊክ ስታርት» የሚባለው ነፃ ቡክሌት ይበቃል። ሕጉ በዳይስ ከ1 እስከ 100 ያለ ቁጥር ማውጣት ብቻ ነው፤ «ማዳመጥ 40» ካለህ 40 ወይም ከዚያ በታች ማውጣት አለብህ። የሒሳብ መምህር አያስፈልግም። ቡክሌቱ ውስጥ «ዘ ሆንቲንግ» የሚባል ጀብዱ አለ። ቦስተን ከተማ፣ በ1920ዎቹ። አንድ የቤት ባለቤት ቤቱ ተከራይ አልበረክት ስላለው መርማሪዎች ይቀጥራል። ይሄንን ታሪክ ወደ ፒያሳ ማምጣት ለእኔ አንድ ማታ ብቻ ነው የፈጀብኝ። ሰገነት ያለው አሮጌ እንጨት ቤት፣ ኪራይ የረከሰበት ምክንያት የማይነገር፣ ደላላው ግቢው በር ላይ ቆሞ «እናንተ ግቡ፣ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» የሚል። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በላይ ምስጋና አላውቅም።

ባንድል ኦፍ ሆልዲንግ የሚባለው መደብር ለእኛ ዓይነት ሰው የበለጠ ይመቻል። ከ2013 ጀምሮ አለ። አሠራሩ ሁለት ደረጃ ነው። ዝቅተኛውን ስትከፍል መነሻ ስብስቡን ታገኛለህ። ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ ስትከፍል ተጨማሪው ይከፈትልሃል። ከክፍያው 10 በመቶው ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ፋይሎቹ ቁልፍ የላቸውም፤ አንዴ ካወረድክ ያንተ ናቸው፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ታነባቸዋለህ። የእኔ ምክር አብዛኛውን ጊዜ መነሻውን ብቻ ግዙ የሚል ነው። ተጨማሪው ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ገና ያልጀመርከው ጨዋታ አምስተኛ መጽሐፍ ነው። ጣሪያውን የምሻገረው ተጨማሪው በጀብዱ የተሞላ ሲሆን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የፋይሉን መጠን እዩ። አንድ መደብር፣ ስሙ ይቅር፣ የድሮ መጽሐፍ ስካን ሸጦልኝ ነበር። ገጹ ሁሉ ፎቶ ነው። መፈለጊያ የለውም፣ ማውጫው አይነካም፣ ስልኬ ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ለቡና የሚበቃ ጊዜ ይወስዳል። የወሰደብኝን ዳታ አታንሱብኝ። «ፕሪንተር ፍሬንድሊ» የሚል፣ ለማተም እንዲመች የተዘጋጀ ሁለተኛ ፋይል ያለው መጽሐፍ ከሆነ ግን ደራሲው ስለ አንባቢው አስቧል ማለት ነው። እኔ እሱን እንደ ጥሩ ምልክት ነው የማየው።

ኢች ዶት አይኦ የሚባለው ድረ ገጽ የትንንሾቹ ደራሲዎች ሰፈር ነው። በጁን 2020 «ለዘር ፍትሕና እኩልነት» ብለው ያወጡት ጥቅል በትንሹ 5 ዶላር ነበር፤ ከ1,700 በላይ ነገር ነበረበት፤ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። የቪዲዮ ጌሙም የወረቀቱም ተደባልቆ ነበር። በጎ ሥራ ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱን ተጫወታችሁ ብዬ የገዙትን ስጠይቅ ግን ሁሉም ይስቃሉ። ኢች ላይ የምወደው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ደራሲዎች «ኮሚኒቲ ኮፒ» የሚባል ያስቀምጣሉ፤ መክፈል ለማይችል ሰው የተተወ ነፃ ቅጂ። ማንም ማስረጃ አይጠይቅህም። ዶላር ካርድ የሌለው ሰው ሊያፍርበት የሚገባ ነገር አይደለም፤ ለዚያው ነው የተቀመጠው። ስትችሉ ከፍላችሁ ግዙ፣ ካልሆነም ደራሲው ገጽ ላይ እንዴት እንደተጫወታችሁት ጻፉለት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ጨዋታውን እንደተጫወተው ሲሰማ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አይቻለሁ።

አሁን ገንዘብ ከፍላችሁ ግዙ የምለው አንድ ጨዋታ። ዘ ኳየት ይር ይባላል። አቬሪ ኦልደር በ2013 ያወጣችው ነው። አጫዋች የለውም። ዳይስም ብዙ አያስፈልገውም። አንድ ጥቅል የመጫወቻ ካርታ፣ ባዶ ወረቀት፣ እርሳስ። ሁላችሁም ከጥፋት የተረፈች አንዲት መንደር ናችሁ። በፊታችሁ አንድ ዓመት አለ። 52 ካርታ፣ 52 ሳምንት። አራቱ የካርታ ዓይነቶች አራቱ ወቅቶች ናቸው። ተራው የደረሰው ካርታ ይስባል፤ መጽሐፉ ያንን ካርታ በተመለከተ የሚለውን ያነባል፣ ወረቀቱ ላይ ይሥላል፣ ታሪኩ ይቀጥላል።

መጽሐፉ የሚጀምረው ክረምታቸው አልፎ በጸደይ፣ የሚጨርሰው በቀጣዩ ክረምት ነው። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው። እኛ ያለ ምንም ችግር መፀው፣ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት አደረግነው። እንቁጣጣሽ ላይ ጀመርን፤ ጎርፍ ሊመጣ ሲል አበቃን። የመጨረሻው የካርታ ዓይነት ውስጥ ንጉሡ በወጣበት ቅጽበት ጨዋታው ያልቃል። መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ግማሽ የደረሰ ግድብ ይዘህ ልታልቅ ትችላለህ። እኛም እንዲያ ሆነን ነበር፤ ተማሪዎቹ አሁንም «ግድቡ ቢያልቅ ኖሮ» እያሉ ይከራከራሉ።

በጣም የምወደው ግን ስብሰባውን ነው። በተራህ ስብሰባ መጥራት ትችላለህ። እያንዳንዱ ሰው አንዴ ብቻ፣ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። መልስ መስጠት የለም። ድምፅ መስጠትም የለም። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ስብሰባው ተበተነ፤ ምንም አልተወሰነም። የቀበሌ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሳይጠየቅ የተወሰነበት ሰው ደግሞ መሃል ካለው ክምር አንድ ጠጠር አንስቶ ፊቱ ያስቀምጣል። እኛ ኩርፊያ ነው የምንለው። በባቄላ ነው የምንጫወተው። ነርሷ አንድ ማታ ፊቷ ላይ የባቄላ ክምር ይዛ፣ ምንም ሳትናገር፣ የመንደሩን ጉድጓድ ዘጋች። ማንም ምን አደረግንሽ ለማለት አልደፈረም። ይሄንን የሚያክል ነገር ከአንዲት ቀጭን ቡክሌት ይወጣል። ቅናሽ ባይኖረው እንኳ ከአንድ ትልቅ ባለ ቀለም መጽሐፍ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ማለት አይደለም። እንግሊዝኛውን የሚያነብ አንድ ሰው ካለ ሌላው በአማርኛ ይጫወታል።

ለአጫዋቾች ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ዎርልድስ ዊዝአውት ነምበር የሚባለው የጨዋታ መጽሐፍ የምን ጊዜም ውለታ ነው። ኬቪን ክሮፎርድ በ2021 ያወጣው፤ ነፃው ቅጂ ራሱ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ሕጉን ባትጠቀሙበት ግድ የለም። ከመካከሉ ጀምሮ ያሉት ሠንጠረዦች ናቸው ሀብቱ። መንደር ያስፈልግሃል? ፍርስራሽ? የሚጣሉ ሁለት ቤተሰቦች? ዳይስ ጣል፣ ጸሐፊው አስቦልሃል። ያው ሰውዬ ከዚያ በፊት «ስፒርስ ኦፍ ዘ ዶውን» የሚል በአፍሪካ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ አውጥቷል። እሱ በገንዘብ ነው። ቅናሽ ላይ ካያችሁት አትለፉት። የምዕራብ አፍሪካ ሽታው ያይላል፤ ከእኛ ተራራ ብዙ ይርቃል፤ ግን ሁሌ የአውሮፓ ግንብ ለሰለቸው ጠረጴዛ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፌት አክስለሬትድ የሚባለውን ጨዋታ ሳልጠራ ካለፍኩ የሒሳብ መምህሩ ይጣላኛል። የፈለጋችሁትን ከፍላችሁ ነው የምታወርዱት። ልዩ ዳይስ ይፈልጋል ይባላል። አያስፈልግም። የሉዶ ዳይስ ይበቃል። 1 እና 2 ሲወጣ ቀንስ፣ 3 እና 4 ሲወጣ ባዶ፣ 5 እና 6 ሲወጣ ደምር። አራቱን ጣል፣ አለቀ። ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ከውጭ የሚመጣ ሰው እስኪያመጣላችሁ ድረስ በዚህ ተጫወቱ። ለሌሎቹ የስልክ አፕ አለ፤ ዳይስ እንደ መጣል ግን አይሆንም፤ ጠረጴዛው ላይ የሚንከባለል ነገር ሲኖር ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል።

ስለ መጋራት። ድራይቭስሩአርፒጂ ላይ የምትገዙት ብዙው ፒዲኤፍ የገዛው ሰው ስም ከሥሩ ይታተምበታል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስትለቁት ስማችሁም አብሮ ይሄዳል። በራሷ አካውንት የምትገዛላችሁ እህት ካለች ደግሞ የእሷ ስም ነው የሚሄደው። እኔ ለጠረጴዛችን ተጫዋቾች የሚያስፈልጋቸውን ገጽ አሳትሜ ነው የምሰጠው። ሕጉ በነፃ የሆነውን ጨዋታ ግን ሊንኩን ላኩ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

እህት ወይም ወንድም ውጭ ላላችሁ፣ የስጦታ ካርድ ከሁሉም ይቀላል። ድራይቭስሩአርፒጂ ላይ ይሸጣል። አንዴ ትልክላችኋለች፣ ከዚያ እናንተ ቅናሽ ሲመጣ ጠብቃችሁ በራሳችሁ ጊዜ ትገዛላችሁ። በየሳምንቱ «አሁኑኑ ክፈይልኝ፣ ሊዘጋ ነው» ከማለት ያድናል። ባንድሎቹ ላይ ያለው ቆጣሪ የሚያልቀው በእኛ ማታ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።